የተሰረቀ ምርቃት

ድንኳንና ወንበር አከራያለሁ። ጎባ ውስጥ ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ማኅበር ይሁን የቀበሌ ስብሰባ፣ ሰው ተሰበሰበ ከተባለ የእኔ የፕላስቲክ ወንበር ከሥሩ አለ። ሞንታርቦዬም እንደዚያው። ማን ወንበር እያወዛወዘ እንደሚሰብር፣ ማን ማይክ ከያዘ እንደማይለቅ እኔን ጠይቁኝ። ብዙ ክፉ ተከራይ አይቻለሁ። እንደነዚያ የኩባንያ ሰዎች የጠላሁት ግን የለም። ዛሬም ሳነሳቸው ደሜ ይፈላል።

የመጡት በበጋ ነው። ነጭ መኪና፣ ቢጫ ቆብ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባጅ። ከጎባ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር፣ ከመሬት በታች ጥልቅ ድንጋይ ውስጥ ጋዝ ሳይኖር አይቀርም ብለው ሊሞክሩ ነበር። ሥራ አስኪያጃቸው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጭቃችንን በጫማው ጫፍ እየመረጠ የሚራመድ ሰው ነው። በዕድሜው አንቱ ሊባል ይገባው ነበር። አልለውም።

የመጀመሪያውን ስብሰባ በእኔ ወንበርና በእኔ ማይክ አደረጉ። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ውሃ ከኬሚካል ጋር ተደባልቆ በከባድ ግፊት ወደ ታች ይገባል፣ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፣ ጋዙ በስንጥቁ ይወጣል አለ። ይዘውት የመጡት አስተርጓሚ ወደ ኦሮምኛ ሲመልሰው "ድንጋዩን ትንሽ ከፈት ያደርጉታል" ብሎ አለፈው። የሳጥን ክዳን አስመሰለው እኮ! ሁለቱንም ቋንቋ የምንሰማ ሰዎች ዞር ዞር ብለን ተያየን።

አንዲት ቅቤ ነጋዴ ተነሳች። "መሬቱ ከሚሰነጠቅ ንፋሱ አይሻልም ወይ? ፀሐዩስ? የእኔ ቤት አምፖል የሚበራው ቆርቆሮዬ ላይ ባስቀመጥኳት የፀሐይ ሰሌዳ ነው" አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። "ንፋስ ወረተኛ ነው እናቴ፤ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም።"

ኤዲያ! ድንኳን ለሚያከራይ ሰው የጎባን ንፋስ ሊያስተምር! ከሳነቴ አምባ ተንደርድሮ የሚወርደው ንፋስ ስንት ሸራ እንደቀደደብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ጊዜ ሙሉ ድንኳን ከነካስማው ነቅሎ ወስዶ፣ የሙሽራው አጎት በሱፉ የገብስ ማሳ ለማሳ ሲያሳድደው ውሏል። ወረተኛስ ራሱ!

እዚህ አገር ስብሰባ ያለ ምርቃት አይበተንም። ተስማማህም ተሰዳደብክም፣ በመጨረሻ በዕድሜ የከበረው ሰው ተነስቶ መዳፉን ይዘረጋል፣ ይመርቃል። ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን ይላል፤ ሰው ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምርቃቱ "እሺ" ማለት አይደለም። ስብሰባው አለቀ ማለት ነው፣ በቃ።

የዚያን ቀን የመረቁት የአባቴ የልብ ወዳጅ የነበሩ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ "ልጄ" የሚሉኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔም አባባ እላቸዋለሁ። እንደ ወጉ ዝናቡን መረቁ፣ ከብቱን መረቁ፣ "እንግዶቻችንንም አላህ ይጠብቅ" አሉ። ሁሉም አሚን አለ። አንድ ባለካሜራ ከፊታቸው ተንበርክኮ ይቀርጽ ነበር። ለማስታወሻ ነው ብለን ዝም አልን።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ቆፍረው ውሃውን ወደ ታች መግፋት ሲጀምሩ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ብርጭቆዬ ይንጫጫ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት የከመርኩት ወንበር በራሱ ተንሸራቶ ተናደ። በአፋር በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ፣ እኛ ዘንድም ደረሰ ብሎ ልጁን ታቅፎ ደጅ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ሲጠየቅ "ተፈጥሯዊ ነው" አለ። ሳይመጣ የት ነበር ታዲያ ያ ተፈጥሮ?

የባሰው ሆራው ነው። ሆራ ጨው ጨው የሚል የማዕድን ምንጭ ነው፤ ከብት ከሩቅ እየተነዳ ይመጣበታል፣ ከጠጣም ይሰባል፣ ወተቱም ይበዛል። አባባ ከአባታቸው ጀምሮ ከብቶቻቸውን የሚያጠጡት ኩባንያው ከቆፈረው ጉድጓድ ዝቅ ብሎ ባለው ሆራ ነበር። ውሃው አመድ መሰለ። ሽታውም ተለወጠ። ድሮ ሆራውን ከሩቅ ሲያዩ የሚሮጡት ላሞች፣ ጠጋ ብለው አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ። የኩባንያው ሥራ መሆኑን በምን አረጋገጥሽ ብትሉኝ ማስረጃ የለኝም። ኩባንያው ውሃው ደህና ነው ብሏል። ደህና ከሆነ አንድ ጣሳ ቀድቶ ለምን አይጠጣውም?

ሰው ተቆጣ። ማን ፈቀደላችሁ ብሎ ሲጮህባቸው፣ ያንን ቪዲዮ አወጡት። አባባ መዳፋቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፣ ሕዝቡ አሚን ይላል፣ ከሥሩ "የአገር ሽማግሌዎች ፕሮጀክቱን መርቀው ተቀብለዋል" የሚል ጽሑፍ ያልፋል። ወይ ጉድ! የእንግዳ ምርቃት ፈቃድ ሆኖ አረፈው። ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሮቤ ድረስ ዞረ።

በዚያው ሰሞን መንደሩ ውስጥ ለቅሶ ነበር። ድንኳኑ የእኔ ነው። መጨረሻ ላይ አባባ ለምርቃት ተነሱ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው "አላህ ለቤተሰቡ መጽናናት ይስጥ" አሉ።

ማንም አሚን አላለም።

ለሟች ቤተሰብ እንኳ! አንዱ መሬት ያያል፣ ሌላው ጋቢውን ያስተካክላል። ከኋላ አንድ ጎልማሳ "ሆራውን የሸጡ እሳቸው አይደሉም እንዴ?" ሲል ሰማሁት። ብቻዬን አሜን ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ ለራሴም አሳፈረኝ። አባባ ከዘራቸውን ፈልገው ወጡ።

ተከትያቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ ቆም አሉና "ልጄ፣ አፌን ወሰዱት" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ያ የወጣ ቃል በማን በኩል ይመለሳል? አሚን የማይባልለት ሽማግሌ እዚህ አገር ሽማግሌ አይደለም፤ ቤቱ የተቀመጠ አሮጌ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእርቅም ለሠርግም የሚጠራቸው ጠፋ። እኔ ደግሞ በየሄድኩበት ስለ እሳቸው ስጣላ ከረምኩ።

ኩባንያው ሁለተኛ ጉድጓድ ሊቆፍር ፈለገና እንደገና ስብሰባ ጠራ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሱቄ ድረስ መጣ።

"ወንበር የለኝም" አልኩት። ወንበሩ ከጀርባዬ እስከ ጣሪያ ተከምሯል።

"እሱስ ምንድን ነው?"

"ታሟል።"

ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ግን አባባ ከከዘራቸው ጋር መጡ። "ስጪያቸው" አሉኝ። "ይቅርብዎት አባባ፣ ደግሞ ሊቀርጹዎት ነው" ብላቸው "ይቅረጹ፤ አንቺ ብቻ ማይኩ በደንብ እንዲሰማ አድርጊ" አሉኝ። ወንበሩንና ሞንታርቦውን በማግስቱ በጠዋት ወስጄ ተከልኩ።

ስብሰባው ጭቅጭቅ ነበር። ቅቤ ነጋዴዋ የተሰነጠቀ ግድግዳዋን ስታነሳ ሥራ አስኪያጁ "ግንባታው ደካማ ነው" አላት። ሆራው ሲነሳ "እናጠናዋለን" አለ። ሰው እርር ብሎ ሊበተን ሲል ማይኩን ያዘና በፈገግታ፣ "እንግዲህ እንደ ባህላችን አባታችን ይመርቁን" አለ። ባህላችን! ባለካሜራው ሮጦ ተንበረከከ።

አባባ ተነሱ። ማይኩን አፋቸው ላይ አስጠግቼ ያዝኩላቸው። መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ዝናቡ በወቅቱ ይዝነብ" አሉ በኦሮምኛ። ዝምታ።

"ከብቱ ይርባ።" ዝምታ። አሜን ልል አፌን ስከፍት በዓይናቸው ከለከሉኝ። እንደ ለቅሶው ቀን ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞሩ። "እንግዶቻችን ብዙ ቆዩ፤ ቤታቸው ናፍቋቸዋል።"

ከመሃል አንድ ሰው ቀና አለ።

"ጉድጓዳቸውን በሰላም ይድፈኑ።"

"አሚን" አለ አንድ ድምፅ። ያው በለቅሶው ቀን ሆራውን ሸጡ ያለው ጎልማሳ ነው።

"ብረታቸውን ከመሬታችን በሰላም ይንቀሉ።"

"አሚን!" አሉ አሥር፣ ሃያ ሰዎች።

"በሰላም ይጫኑ። መኪናቸው መንገድ ላይ አይበላሽ። ዞረውም እንዳያዩን ልባቸው ይጥና።"

"አሚን! አሜን!" ሰው ተነስቶ ቆመ፤ ወንበሮቼ እየተገለበጡ ይንኳኳሉ፤ ይሰበሩ!

"ካራ ነጋያ!" አሉ አባባ በመጨረሻ። የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ለሚሄድ ሰው እንጂ ለሚቀመጥ ሰው የማይባል ቃል። አሚኑ ሞንታርቦዬን አስንቀጠቀጠው። አስተርጓሚው ሳይተረጉምለት ጫማውን ያያል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ነገሩ የሠመረለት መስሎት፣ ሁለት መዳፉን ወደ ካሜራው ዘርግቶ ከሁላችን በላይ "አሜን! አሜን!" ይላል። ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ።

ሽቦ ስጠቀልል መጥቶ "ምን ብለው ነው የመረቁን?" አለኝ።

"መልካም መንገድ ብለውዎታል" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አልኩት። ተሰናባች ይከበራል።

ይህንን ሁለተኛውን ቪዲዮ ኩባንያው የትም አላሳየውም። የመንደሩ ሰው ግን በስልኩ ቀርጾት ስለነበር፣ ሥራ አስኪያጁ በገዛ አፉ መባረሩን አሜን ሲል ያላየ የለም። በክረምቱ መግቢያ ማሽኖቹ ተጭነው በደሎ መና መንገድ ሄዱ። ጋዙ አነሰ የሚል አለ፣ ሌላ ቦታ አገኙ የሚልም አለ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሄዱበትን አገር ሰው እግዜር ይሁነው።

ባለፈው ሳምንት እዚያው መንደር ለቅሶ ነበር። አባባ ተነስተው ለሟቹ ቤተሰብ መጽናናትን ለመኑ፣ ቀጥለውም "ሆራችን ይጥራ" አሉ። ድንኳኑ ሙሉ በአንድ አፍ አሚን አለ፤ እኔ ማዶ ወንበር እየቆጠርኩ እንባዬ መጣ። በማግስቱ ላሞቻቸውን ነድተው ወደ ሆራው ወረዱ፤ አብሬያቸው ወረድኩ። አሮጊቷ ላም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ውሃውን አሸተተች፣ አባባን ቀና ብላ አየቻቸውና ሳትጠጣ ተመለሰች።