ሸሚዝ የጠበቀው ጫካ

ጋሽ ፈለቀ ከመሥሪያ ቤታቸው በጡረታ በተሰናበቱ ማግስት ሰላምታ ተወደደባቸው። ትናንት ከወንበራቸው ብድግ ይሉላቸው የነበሩ የቦንጋ ሰዎች ዛሬ በባጃጅ ጭቃ እየረጩባቸው ያልፋሉ። ሹመት ለለመደ ሰው ከዚህ የባሰ በሽታ የለም።

ስለዚህ አንድ የውጭ አገር ልብስ ቸርቻሪ ‹‹የካፋ ደን ተወካይ›› ብሎ ሲቀጥራቸው እንደገና ተወለዱ። ኩባንያው ‹‹አንድ ሸሚዝ ሲገዙ የካፋን ደንና ንብ ያድናሉ›› እያለ ይቸበችባል። የጋሽ ፈለቀ ሥራ ዋጫ ከተማ አጠገብ ባለው ጫካ የኩባንያውን ስም የያዘ ሰሌዳ ማስተከልና ፎቶ መላክ ነበር። ሸሚዙን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ እርሳቸው የሚለብሱት የቦንጋ ገበያ ሰልባጅ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ ልብስ ሻጮች ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚያወሩት እውነት መሆን አለመሆኑን የሚመዝን ድርጅት ፀደንያ የምትባል ገምጋሚ ላከ። ኩባንያው ቀድሞ ደወለ፤ ግምገማው ካማረ ተወካይነቱ ቋሚ ይሆናል፣ ካላማረ ያከትማል። የሚሉትንም ነገራቸው፤ ‹‹ጫካው ሊያልቅ ሲል ኩባንያው ደረሰለት።›› በሬ ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው! ጋሽ ፈለቀ ግን መስታወት ፊት ቆመው አጠኑት።

ፀደንያ ጫካው እንደገባች ቀና ብላ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች አየች።

‹‹ጋሼ፣ እነዚህንም ኩባንያው ነው ያሰቀላቸው?››

‹‹አዎ›› ቢሉ ያልቅ ነበር። ግን በካፋ የአባትን የቀፎ ዛፍ ለሌላ ሰው መስጠት አባትን እንደ መካድ ነው። ደማቸው ፈላ።

‹‹የምን ኩባንያ! ይሄ ዛፍ የአያቴ ነው። አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለእኔ! ቀፎ ያለበትን ዛፍ ማን ወንድ ይነካል? ጫካው በዚህ አይደል እንዴ የኖረው!››

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

‹‹ታዲያ ኩባንያው ምን ሠራ?››

ዙሪያቸውን ቃኙ። ጦጣው፣ ንቡ፣ ቡናው ሁሉ አለ፤ አንዳቸውም ኩባንያውን አያውቁትም።

‹‹ሰሌዳውን›› አሉ በመጨረሻ።

ፀደንያ ወፍራሙን ጣውላ በጣቷ አንኳኳች። ‹‹ጥሩ እንጨት ነው። ከየት መጣ?››

‹‹ከዚሁ ነው፤ እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት።›› እስክሪብቶዋ ሲንቀሳቀስ አዩና ሹመታቸውን ለማትረፍ ተጣደፉ። ‹‹ግን ጻፊው የኔ ልጅ፤ ኩባንያው ጫካውን መጠበቅ ከጀመረ ወዲህ የተቆረጠው እሱ ብቻ ነው!››