ለቅሶ የደረሰው አለቃ

የለንደኑ ሆሎዌይ ሰፈር ነዋሪ ተክለአብ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ወሬ ያስቀይራል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «የኒውክሌር መሐንዲሳችን» ሲሉት ኮራ ብሎ ክራባቱን የሚያስተካክል ሰው ነበር። እኛም ሥራው ምን እንደሆነ በቅጡ ባይገባንም እንኮራበት ነበር።

የሚሠራው የኒውክሌር ቆሻሻ የሚጠብቅ አንድ የመንግሥት ድርጅት ውስጥ፣ እዚሁ ለንደን ዋናው ቢሮ ነው። ባለፈው ዓመት የፍተሻ ፎቶዎች ሲያይ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ ገንዳዎቹ አንዱ መሰንጠቁን ደረሰበትና ለአለቃው ለግሬሃም ነገረው። ግሬሃም «ትንሽ እንታገሥ» አለ። ደግሞ ነገረው፤ አሁንም «እንታገሥ» አለ። በመጨረሻ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ መንግሥትም ድርጅቱን የሚመረምር ቡድን አቋቋመ።

በዚሁ መሃል የተክለአብ እናት አረፉ። ግሬሃም ሰምቶ ሆሎዌይ ድረስ መጣ። ጫማውን አውልቆ፣ አንድም ቃል ሳይገባው፣ ከሽማግሌዎቹ መሃል ንፍሮ እየቆረጠመ ዋለ።

«ለቅሶዬን በደረሰ ሰው ላይ እንዴት አፌን እከፍታለሁ?» አላት ሚስቱን ኂሩትን፣ የምርመራው ቀን ሲደርስ።

«ሪቪው እኮ ነው ተክሌ፣ ክስ አይደለም፤ የምታውቀውን ብቻ ንገራቸው» አለችው።

አልነገራቸውም። መርማሪዋ «ስንጥቁን ለአለቃህ ነግረኸው ነበር?» ብትለው «አልነገርኩትም፤ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም» አላት። ውለታ የመለሰ መስሎት ቀና ብሎ ወጣ። ይሉኝታ እንዲህ ያጃጅላል። ገንዳው አጠገብ የሚውሉት ሠራተኞች ትዝም አላሉት።

በሳምንቱ መርማሪዋ መልሳ አስጠራችው።

«አለቃህ ራሱ ሁሉንም ነግሮናል» አለችው። «‹ተክለአብ ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል፤ አልሰማሁትም። እዚህ መሥሪያ ቤት እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው› ብሏል። ታዲያ አንተ ለምን ዋሸኸን?»

«እናቴ ሞታ ለቅሶ መጥቶልኝ ነበር» አላት። መርማሪዋ ቀሪውን ትጠብቅ ጀመር። ቀሪ አልነበረውም።

ሲወጣ ግሬሃምን ኮቱን ለብሶ ሊፍት ሲጠብቅ አገኘው። ከሥራው ተሰናብቶ መሄዱ ነበር።

«ስላንተ እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ፤ አትስጋ» አለና እጁን ዘረጋለት።

ተክለአብ እጁን ጨበጠው፤ ፊቱን ግን ማየት አልቻለም። ሊፍቱ ሲከፈት አብሮት ለመግባት አፍሮ በደረጃው ወረደ።