እህቴን ያስተማርኳት ግማሽ ዕድሜ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጾም መሻሬንና ሰው ማማቴን ተናዝዤ ተመልሻለሁ። እሳቸው ፊዚክስ አያውቁ፣ ምኑን ብዬ አስረዳቸዋለሁ እያልኩ ለራሴ ሳመካኝ ኖርኩ። ነገሩን ለመረዳት ግን ፊዚክስ አያስፈልግም። ልጅ ከእናቷ ነጥቄያለሁ። የነጠቅኩትም አንዲት የውሸት ቃል ሳይወጣኝ ነው።

ደብረ ታቦር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ከሥራ ስመለስ በሬን ከፍቼ ገብቼ፣ መልሼ ቆልፌ፣ እስከ ማግስቱ ከአፌ አንድ ቃል ሳይወጣ የማድርበት ቀን ብዙ ነበር። ለምጄዋለሁ እል ነበር። አልለመድኩትም።

ታላቅ እህቴ ጉና ሥር ነው የምትኖረው፤ እታለም ነው የምላት። ገብስና ድንች ታመርታለች። አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት ልቧን ያስደልቃት፣ እጇን ያንቀጠቅጣት፣ ሥጋዋን ያመናምናት ጀመር። አዲስ አበባ ተልካ ጨረር ያለው አዮዲን ትጠጣለች ተባለ። መድኃኒቱ እንቅርቱ ውስጥ ገብቶ በጨረሩ ያከስመዋል። ጨረሩ ግን ከሰውነቷ ወደ ውጭም ስለሚወጣ ለተወሰነ ጊዜ ሕፃን ማቀፍ አትችልም።

እታለም ደግሞ አምስት ዓመት ስለት ስትሳል ኖራ ያገኘቻት የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበረቻት፤ ማስተዋል። ጡት አስጥላ እኔ ዘንድ ተወቻትና ሄደች።

ምን ልበላችሁ? ቤቴ ውስጥ ሰው ተነፈሰ። ከክፍል ስወጣ መሮጥ ጀመርኩ፤ እኔ፣ በዝግታዬ ተማሪ የሚስቅብኝ። በሦስተኛው ሳምንት «እማ» አለችኝ። አላረምኳትም። በሥራ ዘመኔ ስህተት ሰምቼ ሳላርም ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ሐኪሙ እታለምን ሦስት ሳምንት ከልጅሽ ራቂ ብሏት ነበር። በሃያ አንደኛው ቀን ፀጉሯን ተሠርታ፣ አንድ ዘንቢል ድንች ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። ልጅቷ ጓዳ ተኝታለች።

«ሦስት ሳምንቴ ሞላ» አለችኝ። «ሐኪሙ ይበቃሻል ብሎኛል። ግን የተማርሽው አንች ነሽ፤ አልቆልኛል?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። ሦስት ሳምንት የተባለው በዘፈቀደ አይደለም፤ ተሰልቶ ነው። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ቢላ አመጣሁ።

ከድንቹ አንዱን አንስቼ ለሁለት ቆረጥኩት። የዚህ አዮዲን ግማሽ ዕድሜ ስምንት ቀን ነው አልኳት። ፊቷ በራ።

«እንግዲያ ግማሹ ስምንት ከሆነ ሙሉው አሥራ ስድስት አይደል? አልፎልኛላ!»

ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሳሳቱት ይህንኑ ነው፤ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ግማሽ ዕድሜ ሲባል የሙሉ ዕድሜ እኩሌታ ይመስላቸዋል። አይደለም። ያለው ነገር በግማሽ እስኪቀንስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የቀረው በሚቀጥለው ስምንት ቀን እንደገና በግማሽ ይቀንሳል፤ ከዚያ የተረፈውም እንደዚያው። አረምኳት። ግማሹን ቆረጥኩ፣ ሩቡን ቆረጥኩ፣ ስምንተኛውን ቆረጥኩ፤ ቢላው ላይ የተጣበቀች ቅራፊ እስክትቀር።

«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«በሒሳቡ አያልቅም» አልኳት። «ሁልጊዜ ግማሽ ይቀራል።»

ፈተና ላይ ቢጻፍ ሙሉ ማርክ የምሰጠው መልስ ነው። ሰውነቷ ራሱ መድኃኒቱን በሽንት እንደሚያስወጣው ግን አልነገርኳትም። የቀረችው ጥቂት ጨረር ልጅ እንደማትጎዳ አልነገርኳትም። የጠየቀችኝ ልጄን ልቀፍ ወይ ብላ ነው፤ እኔ ያልተጠየቅኩትን መለስኩ። የተሳሳተችው እሷ ነበረች፣ ስህተቷ ግን ወደ ልጇ ይወስዳት ነበር። እኔ ትክክል ነበርኩ። ትክክል ሆኜ በደልኳት።

እታለም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «እንግዲያ ትቆይ» አለች፤ «በናፍቆቴ ልጄን አላቃጥላት።»

«ይሻላል» አልኳት።

ለካ አንድ የውሸት ቃል ወጥቶኛል። ከላይ አልወጣኝም ያልኩት ይቺን ረስቼ ነው፣ ወይም መርሳት ፈልጌ።

አምስት ወር እንዲህ ቆየ። እታለም በገበያ ቀን ድንቿን ሸጣ ስታበቃ ከአጥሬ ማዶ ቆማ ልጇን ታያለች። አንድ ቅዳሜ ማስተዋል አየቻትና እጇን ዘርግታ ወደ አጥሩ ሮጠች። እታለም ወደ ኋላ ሸሸች። እናት ከልጇ ስትሸሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «አትምጭብኝ ልጄ፣ አትምጭብኝ!» እያለች፣ እያለቀሰች ነው የሸሸችው። ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። መስኮት ከፍቶ «ነይ ውሰጃት» ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አልከፈትኩም። በሌላውም ቅዳሜ አልከፈትኩም። በኋላ ማስተዋል ወደ አጥሩ መሮጡን ተወችው። ያንንም በመስኮት አየሁ፤ አይቼም ደስ አለኝ። ከሁሉ ይልቅ የማፍረው በዚያ ደስታዬ ነው።

በአምስተኛው ወር እታለም ለምርመራ ተመልሳ ሄደች። ሐኪሙ ድነሻል፣ ልጅሽንም እቀፊ አላት። ሦስት ሳምንቱን ማን አምስት ወር አደረገው ብሎ ጠይቋት እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቋት ከሆነም ለእኔ አላነሳችብኝም። ስሌቱን ግን እኔ ሠርቼዋለሁ። ያኔ ከመድኃኒቱ የቀረው ከአራት መቶ ሺህ አንድ እጅ አይሞላም ነበር።

ማስተዋልን ጉና ወሰደቻት። ልጅቷ አራት ቀን አለቀሰች፤ እህል አልቀምስ አለች። በአምስተኛው ቀን እታለም ራሷ አዝላ መልሳ አመጣችልኝ። «አንችን ለምዳለች፤ እዚሁ ከተማ ትማር» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። እኔም ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲህ ማስተዋል እናቷ ጋ የምትሄደው ትምህርት ሲዘጋ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ቤቱ ተመልሶ ጭር አለ። ማታ ማታ ሬዲዮ የምከፍተው ለመስማት አይደለም፤ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው። እንዲህ እንዳይሆን ነበር ያን ያደረግኩት። ብቸኝነት ነው ያሳተኝ ልበል? ብቻውን የሚኖር ሁሉ የእህቱን ልጅ ይነጥቃል? በቀበሌያችን ብቻቸውን የሚያድሩ ስንት ሴቶች አሉ፤ አንዳቸውም እንዲህ አላደረጉም። እኔ ግን አደረግኩ። ይቅር በሉኝ አልልም። የበደልኳት እህቴ በሕይወት አለች፤ ጠዋት ብነሳ ለምሳ ደጇ እደርሳለሁ። ሄጄ አልነገርኳትም። እሷ ራሷ ስትመጣም አልነገርኳትም።

ባለፈው እረፍት ማስተዋል መጥታ ስለነበር እታለም ልታያት ከጉና ወረደች። በእኛ ቤተሰብ እናት «አንች» ነው የምትባለው፤ «አንቱ» ለቄስ፣ ለእንግዳ፣ ለማይቀርቡት ትልቅ ሰው ነው። ማስተዋል እኔን «አንች» ትለኛለች። እናቷ ስትገባ ግን ብድግ አለች፣ ጎንበስ ብላ ሳመቻት።

«ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ። እንደምን ሰነበቱ?»

እታለም ተቀመጠች። የልጅቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ በኩራት ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ያለች ጨዋ አርገሽ አሳደግሽልኝ፣ እህቴ። እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ።»

«አሜን» አልኳት።