ሚስቴ ሰልባቲዮ የሆነችበት ሐሙስ

የሞተሬን ሰልባቲዮ፣ የቤንዚን ቋቱን ማለቴ ነው፣ ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። በሌላ ሰው ላይ ላሳብበው ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ የሚሆን ሰው አጣሁ።

ሥራዬ የወፍጮ ድንጋይ መውቀር ነው። የእህል ወፍጮ ድንጋይ ሲሠራ ከርሞ ይለሰልሳል፤ ሲለሰልስ እህሉን መፍጨቱን ትቶ ያሸዋል። ያን ጊዜ ባለወፍጮው ይልክብኛል። እኔም ድንጋዩን አስወርጄ በመሮና በመዶሻ ጥርስ አወጣለታለሁ። ከምኖርባት ከጭሮ ጀምሮ ሂርና፣ መሰላ፣ ከዚያም ወዲያ አስፋልት በማያውቃቸው ቀበሌዎች ያሉ ወፍጮዎች እጄን ያውቁታል። ከዚህ ሁሉ ቦታ የሚያደርሰኝ ሞተሬ ነው። ጡረታ ከወጣ የክትባት ሠራተኛ የገዛሁት ነው፤ ቀለሙ ምን እንደነበረ ለማወቅ ሽማግሌ መሰብሰብ ያስፈልጋል።

ሚስቴ ሞተሩን አትወደውም። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቼም አይወዱትም። በስልክ «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ አርፈህ አትቀመጥም?» ይሉኛል። መቀመጥ ምን እንደሆነ አላወቁም። ሚኒባስ ሂርና አስፋልት ላይ ያወርደኛል እንጂ ወፍጮ ቤት ድረስ አያወጣኝም፤ መዶሻና መሮ ተሸክሜ ዳገት የምወጣበት ጉልበት ደግሞ የለኝም። ሞተሩ ሄደ ማለት ሥራዬ ሄደ ማለት ነው። የሰፈሬን ሽማግሌዎች አይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ በር ላይ ወንበር ያወጡላቸዋል፤ ቀጥሎ ብርድ ልብስ ይጨምሩላቸዋል፤ ከዚያ ሰው ሲያልፍ «ደህና ናቸው?» ብሎ ሌላውን ይጠይቃል እንጂ እነሱን አይጠይቅም። እኔ ወንበሩን አልፈልግም።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሞተሩ በየኮረብታው ይቆም ጀመር። ካርብሬተሩን ስፈታው ቡናማ ጭቃ ይተፋል። ሰልባቲዮው ውስጡ ዝጓል። ለዚህ፣ ሞተር ጠጋኞች ዘዴ አላቸው፤ ሰልባቲዮውን ፈትተው ጠጠር ይጨምሩበትና ይንጡታል፤ ዝገቱ ይራገፋል። አንዱ ጠጋኝ፣ «አባባ፣ ደቃቅ ጠጠር ያድርጉበትና አንድ ሰዓት ያህል ቀስ ብለው ይናጡት» አለኝ።

ቀስ ብለው! ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስወቅር የኖርኩትን ሰውዬ ዝገት ማራገፍ ሊያስተምረኝ። ደቃቅ ጠጠሩን ተውኩና ከወፍጮ ድንጋይ ሲወቀር የሚረግፈውን ስለታም ስብርባሪ ግማሽ ድረስ ሞላሁበት። በእጄ ስንጠው መዋልም አልፈለግሁም። ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ወሰድኩትና፣ እህሉ የሚፈስበት ሳጥን ወፍጮው ሲሠራ ስለሚንቀጠቀጥ፣ እሱ ላይ በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። ጠዋት አስሬው እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ጆሯቸውን ይዘው ደጅ ወጡ።

አንዷ፣ «ብረትም ይፈጫል እንዴ እዚህ ቤት?» አለች።

ሌላዋ፣ «ከሱ ቀጥሎ አልፈጭም፤ ገንፎዬ ሊዝግ ነው!» አለች።

በምሳ ሰዓት ፈታሁትና ስብርባሪውን ገለበጥኩት። እውነት ለመናገር፣ ዝገት የሚባል አንድም አልቀረም። ችግሩ፣ ሰልባቲዮውን ይዞት የነበረው ዝገቱ ኖሯል። ወደ ፀሐይ ባነሳው በመሐሉ ማዶ ያለው ጋራ ታየኝ።

ብየዳ ቤት ይዤው ሄድኩ። በያጁ መነጽሩን አውልቆ ገለባብጦ አየው።

«አባባ፣ ይህን ለምን አመጡልኝ?»

«ልትበይደው ነዋ።»

«ብየዳ እኮ ብረትን ከብረት ማያያዝ ነው። እዚህ ላይ ብረቱ የታለ? ቀዳዳውን ከቀዳዳው ጋር ላያይዝልዎት?»

«በሳሙና ቢደፈንስ?» አልኩት። ትንሽ ቀዳዳ ቤንዚን እንዳያፈስ በሳሙና ይደፈናል፤ እኔም አድርጌው አውቃለሁ።

«ይደፈናል። አንድ ካርቶን ሳሙና ይግዙ፣ ሰልባቲዮውን ከሳሙና ይሥሩና ቀዳዳዎቹን በዚህ ብረት ይድፈኗቸው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። የሚስቅብኝ መሆኑ የገባኝ ከደጁ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ሰልባቲዮውን በብብቴ ይዤ ቤት ስገባ ሚስቴ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ብላ አየችው፣ በቀዳዳው እኔን አየችኝ።

«ሐሙስ ሂርና ድንጋይ ልትወቅር ቃል ገብተህ የለም?» አለች።

«ገብቻለሁ።»

«እንግዲያው ስማኝ። በዚህ ሞተር ሄደህ በዚሁ ሞተር ከተመለስክ፣ መኪና ላይ ሳትጭነው፣ ዳግመኛ ስለ ሞተር ከአፌ አይወጣም። ልጆቹንም ዝም አሰኝልሃለሁ። ካልሆነ ግን ቅዳሜ ቆራሌው ሲመጣ እሰጠዋለሁ። አንተም ታርፋለህ፣ እኔም አርፋለሁ።»

«ሰልባቲዮ እንደሌለው እያየሽ?»

«እኔ ነኝ ወፍጮ ቤት ወስጄ ያስፈጨሁት?»

እሺ አልኳት። ሰው ሲቆጣ እሺ ማለት የለበትም፤ እኔ ግን አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ረቡዕን ሙሉ የሠራሁትን ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። ቤንዚን ከላይ ወደ ታች ካልወረደ ካርብሬተሩ አይደርስም። ስለዚህ ቢጫ ጀሪካን አመጣሁና ቀጭን የጎማ ቱቦ ከተትኩበት፤ የጎማውን ጫፍ በአፍ ስበው ካርብሬተሩ ላይ ሲሰኩት ቤንዚኑ ይመጣል፤ ጀሪካኑ ቀጥ ብሎ ከፍ እንዳለ እስከቆየ ድረስም ይወርዳል። መጀመሪያ መሪው ላይ አሰርኩት፤ ፊቴን ጋርዶኝ የጎረቤቴ አጥር ውስጥ ገባሁ። ጀርባዬ ላይ አዘልኩት፤ በክዳኑ እየረጨ ቆዳዬን ለበለበው። ከኋላ ዱላ አቁሜ ዱላው ጫፍ ላይ ሰቀልኩት፤ እንደ ሰንደቅ ዓላማ እየተወዛወዘ ጎማውን ነቅሎ ወደቀ።

ሚስቴ በር ላይ ቆማ ሁሉንም አየች።

«ይህ ነገር ሰው ነው የሚፈልገው» አለች።

«ማን እብድ ይይዝልኛል?»

«እኔ እንደሁ መሄዴ አይቀርም። መንገድ ላይ አይሱዙ ላይ ጭነኸው መጥተህ ‹ነድቼ ነው› ብትለኝ ማን አይቶሃል?»

«አታምኚኝም?»

«በሌላው አምንሃለሁ። በሞተር አላምንህም።»

ዳኛዬ ሰልባቲዮዬ ሆና ቁጭ አለች።

ሐሙስ ጠዋት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማ፣ ከኋላዬ ወደ ጎን ተቀምጣ፣ ጀሪካኑን ትከሻዋ ላይ አቆመችው። ጎማውን ስቤ ሁለት ጊዜ ተፋሁና ሞተሩን ረገጥኩት። ተነሳ። ከሰፈር ወጥተን ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ የባጃጅ ሾፌሮች ደስታቸውን አልቻሉትም።

«እማዬ! ሙሊልኝ!»

«አባባ፣ ማደያ አግብተው ነው እንዴ?»

ጫት የሚሸጡ ሴቶች ከመንገዱ ዳር «አዮ፣ ማል ባታ?» ብለው ጮኹባት። እናቴ፣ ምን ተሸከምሽ ማለታቸው ነው። ሚስቴ ዞር ሳትል «ሞተር!» አለቻቸው።

ከከተማ ወጥተን ዳገቱን እንደጀመርን ሞተሩ ቆመ። ሳይ፣ ጀሪካኑ ጉልበቷ ላይ ነው።

«ምነው አወረድሽው?»

«ያቺን ቤት ላሳይህ ብዬ ነው። ቆርቆሮ አልብሰዋታል፤ አየሃት?»

ሚስቴ ያለ እጇ መናገር አትችልም። ይህን ከተጋባን ጀምሮ አውቃለሁ፤ ለሞተር ጠንቅ ይሆናል ብዬ ግን አስቤው አላውቅም። አንድ ነገር ባሳየች ቁጥር ጀሪካኑ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይቆማል፣ እኔ እወርዳለሁ፣ ጎማ እስባለሁ። በግ ስታይ ቆምን። የምታውቀው የጸሎት ቤት ሰው በሚኒባስ ሲያልፍ እጇን ልታወዛውዝለት ቆምን። ሂርና እስክንደርስ ከቤንዚኑ እኔ የጠጣሁት ሞተሩ ከጠጣው አያንስም።

በስድስተኛው ወይ በሰባተኛው ጊዜ ንዴቴ መጣ።

«ሆነ ብለሽ ነው!» አልኳት። «ለቆራሌው ልትሰጪው!»

ከሞተሩ ወረደች። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እንዲህ ነኝ? ሞተሩን ልገድለው ብፈልግ ከቤት ሳንወጣ ጀሪካኑን አልደፋውም ነበር? አያለሁ አልኩ፣ አያለሁ። ጌታን የማምን ሰው ነኝ። በቤንዚን አላጭበረብርም።»

ከዚያ ሞተሩ ላይ ወጣችና ጀሪካኑን ራሷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። እስከ ሂርና አንድ ቃል አልተናገረችም። ሞተሩም አንድ ጊዜ አልቆመም። እንደዚያ ቀን ሞተሩ በደንብ ሠርቶ፣ እኔም እንደዚያ ቀን ከፍቶኝ አያውቅም።

የሂርናው ባለወፍጮ ደጅ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሚስቴን ከነጀሪካኗ ሲያያት አፉን ያዘ።

«አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም መጣችሁ። ወላሂ፣ ሰው ሚስቱን ውሃ ያስቀዳል፣ እንጨት ያስለቅማል፤ ሞተር ሲያስሸክም አላየሁም።»

«መጀመሪያ እሱ ያጥፋውና ልውረድ» አለችው።

ድንጋዩን ስወቅር ዋልኩ። ስጨርስ ባለወፍጮው አዘነልን መሰለኝ፣ የወንድሙ የጫት መኪና ባዶውን ወደ ጭሮ ስለሚያልፍ ሞተሩን ጭነን በነጻ እንድንሄድ ለመነኝ። ሚስቴ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ ክንዷን እያሸች ታየኛለች። ክንዷ አብጦ ነበር። አየሁት። አይቼም «አይ፣ እንነዳለን» አልኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ስንመለስ ወደ ጭሮ መውረጃው አናት ላይ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋ። ፍሬን መያዝ አላስፈለገኝም፤ ሚስቴ ጀሪካኑን አወረደችው።

«አባባ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ሞተር ነው።»

«ሰልባቲዮው የታለ?»

እኔ የምለውን ሳስብ ሚስቴ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ።»

ፖሊሱ ዞር ብሎ ሊስቅ ፈለገ፣ ተወው። «እማማ፣ እርስዎማ ተሳፋሪ ነዎት።»

«ተሳፋሪ ሥራ የለውም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነኝ።»

ሊብሬውን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ገልጦ አነበበ፣ ሞተሩን አየ፣ ሚስቴን አየ፣ እንደገና አነበበ። «የሞተሩ አካል ከሆኑ እዚህ ላይ አልተመዘገቡም። ቀለሙም አይመሳሰልም።»

«የሞተሩስ ራሱ ይመሳሰላል?» አለችው።

አሁን ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ተለወጠ። «እናቴ ቢሆኑ እንዲህ ሲሄዱ ዝም አልልም። አንድ ብልጭታ ብትነሳ ሁለታችሁም ትቃጠላላችሁ። ክዳኑን ግጠሙት። ይሄ ሞተር ከዚህ ቦታ አይነሳም። አይሱዙ ላስቁምላችሁ፣ ጭናችሁ ግቡ።»

ፖሊሱ ልክ ነበር፤ ልክነቱ ነው የጎዳኝ። አንድ ባዶ አይሱዙ ከሩቅ ሲመጣ አይቶ እጁን አነሳ። ወንበሩ ታየኝ፣ ብርድ ልብሱ ታየኝ፣ ሰዎች ስለኔ ሚስቴን ሲጠይቋት ታየኝ። አይሱዙው ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ።

ሚስቴ የጀሪካኑን ክዳን ጠበቅ አድርጋ እየገጠመች ነበር።

«ልጄ፣» አለችው ፖሊሱን፣ «ሞተሩ ሳይነሳ መሄድስ ይከለከላል?»

«ካልተነሳማ ብረት ነው እማማ። ይግፉት።»

«ቁልቁለት እኮ ነው» አለች።

ፖሊሱ ቁልቁለቱን አየ። እኔም አየሁት። ስንት ዓመት የተመላለስኩበትን መንገድ አሁን ገና ያየሁት መሰለኝ። ሾፌሩ «ትጭናላችሁ ወይስ አትጭኑም?» ይላል።

«ቀስ ብለው፣ ዳሩን ይዘው» አለ ፖሊሱ በመጨረሻ።

ሞተሩ ላይ ወጣን። እግሬን አነሳሁና ለቀቅኩት። ሞተሩ ያለ አንዳች ድምፅ ወረደ፤ የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታና የሚስቴ ወሬ ብቻ ነበር። የታሸገው ጀሪካን ጭኗ ላይ ስለሆነ ሁለት እጇ ነጻ ነበሩ። ጠዋት ያላሳየችኝን ሁሉ አሳየችኝ። ማን ቤት እንደሠራ፣ የትኛው ማሳ እንደተሸጠ፣ የትኛው ባጃጅ እንደተገለበጠ፤ አንዱን እያሳየች ሌላውን ትጀምራለች። እኔ በሚሠራው በአንዱ ፍሬኔ ላይ ተንጠልጥዬ «እህ» እላለሁ። አንድ የጫት መኪና ጥሩንባውን እያንባረቀ አለፈን፤ ሚስቴ በሁለት እጇ ሰላም አለችው።

ሜዳው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ እስከ ቤታችን ገፋነው፤ እኔ ከመሪው፣ እሷ ከኋላ። በራችን ላይ ስንደርስ ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀችኝ።

«በቃ፣ ደርሷል» አለች። «መኪና ላይ ሳይጫን።»

ዝም ብዬ መግባት ነበረብኝ። ግን አልቻልኩም።

«የመጨረሻውን መንገድ ሞተሩ አልሠራም» አልኳት። «ቁልቁለትማ ድንጋይም ይወርዳል። አልነዳሁትም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልፈርድልህ እኮ ነው!»

«ፍርዱ ልክ ይሁን ብዬ ነው።»

«መኪና ላይ ሳትጭነው አልኩ እንጂ ቤንዚን እያቃጠልክ አላልኩም። ያልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው!» ድምፅዋ ከፍ ሲል ጎረቤቶች ወጡ። «ሞተሩ ያንተ ነው። ከእንግዲህ ስለሱ ከአፌ አይወጣም። ነገ ግን በሚኒባስ ድሬዳዋ ሄደህ ሰልባቲዮ ፈልግ፤ እኔ ዳግመኛ አልሸከምልህም።»

ያበጠውን ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ ጀሪካኑን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶልኝም ነበር።

«አጋድመሽዋል፣ ይፈሳል» አልኳት።