መኪና ሁሉ የሚቆምላቸው ሰው

ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ስንሄድ ሚኒባሳችን አንድ የሚሮጡ ሽማግሌ አጠገብ ቆመ። ሰባውን ያለፉ ይመስላሉ። የሩጫ ክለብ ጽሑፍ የለቀቀበት ቱታ ለብሰው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አስረዋል። ጫማቸው ብዙ ጊዜ ተሰፍቷል።

«አባባ፣ ሰላም ነው? እናድርስዎት?» አለ ሾፌሩ።

«ሩጫ ላይ ነኝ! ትናንትም ነግሬህ የለ?» የሚቆጡት ባሉበት እየረገጡ ነው። ከኋላችን ደግሞ ባጃጅ ቆመ። «ያውልህ ሌላው! በየት በኩል ልሩጥ? ትንፋሼን ጨረሳችሁት እኮ!»

አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ነገሩኝ። ሰውየው ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚህ መንገድ ይሮጣሉ። ዐምና ባለቤታቸው በጠና ታመሙ፤ ስልኩ አልሠራ ቢል መኪና ፍለጋ እየሮጡ ወጡ። እጃቸውን ሲያውለበልቡ ሾፌሩ ሁሉ ሰላምታ መስሎት እሱም እጁን እያውለበለበ አለፈ። ባለቤታቸውም ሐኪም ሳያዩ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ሳይቆምላቸው የሚያልፍ መኪና የለም።

«ግድ የለም አባባ፣ ይግቡ» አለ ሾፌሩ እንደገና።

ሽማግሌው መርገጣቸውን አቆሙ።

«መቆምስ ያን ቀን ነበር» አሉትና ጀርባቸውን ሰጥተውት ሩጫቸውን ቀጠሉ።