የሙናዊር ብረት ሜትር

ሙናዊር ጎጃም በረንዳ ሃያ ሁለት ዓመት ፍራሽ ሸጧል። ስፖንጅ ሲቆርጥ ወሬው ከቢላው ይፈጥናል። ብረት ሜትሩን ደግሞ ከእጁ አይለያትም፤ ሲለካም በሷ፣ ሰው ሲጠራም በሷ፣ ጀርባውን ሲያሳክከውም በሷ ነው።

ከረመዳን በኋላ ሐኪሙ የጉበት ካንሰሩ እንደተሰራጨ ነገረው። ከማስታገሻ በቀር ሌላ የለም፣ ቢበዛ ስድስት ወር። ሙናዊር ሱቁን አልዘጋም። እንዲያውም ሚስቱን ሰዓደትን ላንጋኖ ይዟት ሄደና ዋና የማይችለው ሰውዬ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ገባ።

ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል። ሰዓደት አልጋው ስር ሲሚንቶ ላይ ነው ያደረችው። ከክፍለ ሀገር ለጨረር ሕክምና የሚመጣው ሰው ደግሞ ወረፋው እስኪደርስ የሆስፒታሉ አጥር ስር ካርቶን አንጥፎ ያድራል። ሙናዊር ፍራሽ ሻጭ ነዋ፣ ካርቶኑን ሲያይ ከራሱ ሕመም በላይ አመመው። ቤት ተከራይቶ ፍራሽ ሊያነጥፍላቸው አሰበ።

ሰዓደት ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት። ህንድ ሄዶ መታከሙ ይሞከር ብላ ብር እንዲያዋጣ ነጋዴውን ሁሉ አስተባበረች። እሁድ አስር ሰዓት ለመዋጮው የተያዘው አዳራሽ ጢም አለ።

"አደራህን፣ የሐኪሙን ነገር እንዳታነሳ" አለችው በር ላይ። "ሰው አይድንም ለተባለ ብር አይሰጥም።"

ጎረቤቱ ጀማለዲን ሜትሯን ይዞ ጨረታውን ጀመረ። ያሸነፈው ይከፍልና መልሶ ይሰጣታል፣ እንደገና ትሸጣለች። እስካሁን አራቴ ተሸጣለች።

"ሙናዊር ሁለት ጣት አሳጥሯት እንደነበር እያወቃችሁ ነው የምትገዙት" ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። "ሃምሳ ሺ፣ አንድ።"

ሙናዊር አልሳቀም። ሰዉ የሚሰጠው እሱ እንዲድን አስቦ፣ ነይቶ ነው። በአንድ ኒያ፣ በአንድ ሐሳብ የተሰጠ ብር ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሌላ፣ ለታማሚዎቹ ቤት እንኳ ከዋለ አማና፣ ማለትም አደራ መብላት ነው። ነገ ሦስት መቶውን ሰው በየሱቁ እየዞረ ፈቃድ እንዳይጠይቅ ደግሞ ጉልበቱም ቀኑም የለውም። አሁን ካልተናገረ አለቀ። ወደ ሰዓደት ዞረ። እንዳትናገር በሚል ጭንቅላቷን ነቀነቀችበት።

"ሃምሳ ሺ፣ ሁለት።"

"ጀማል፣ ቆይ።" ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። "ህንድ አያድነኝም። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል። የፈለገ ብሩን ይውሰድ፣ የፈቀደልኝ ደግሞ ሆስፒታል አጥር ስር ለሚያድር ታማሚ ማረፊያ ቤት ኪራይ ይሁንለት። አስራ አምስት ፍራሽ ከሱቄ አወጣለሁ።"

ጀማለዲን ሜትሯን ዝቅ አደረጋት።

"እኔ የነየትኩት ላንተ ነው" አለ። "አጥር ስር ላለ ለማላውቀው ሰው አይደለም።"

ሰው ሁሉ ሰዓደትን ማየት ጀመረ። ቀስ ብላ ተነሳች፣ ሻርፗን አስተካከለች። አዳራሹን ጥላ የምትወጣ መሰላቸው።

"አስራ አምስት ፍራሽ ምን ያደርጋል?" አለች። "አስታማሚውስ ምን ላይ ሊተኛ ነው?"

ሙናዊር ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ጀማለዲን ሜትሯን መልሶ አነሳት።

"ሠላሳ ፍራሽ፣ የቀረውን አስራ አምስት እኔ እችላለሁ" አለ። "በሉ ኒያችሁን አድሱ፣ ያልፈቀደ ብሩን ይጠይቅ። ሃምሳ ሺ፣ እንደገና ካንድ።"