የብክነት ሲሚንቶ

ሰው ስለ ጉቦ ሲያወራ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትለዋን ተረት ይመዝዝና ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ ይችን ተረት መስማት ታክቶኛል። በደርግ ጊዜ ጎንደር ውስጥ የመንግሥት ግንባታ ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ ሆዳምም አይቻለሁ፤ የበዛው ግን እምቢ ማለት ያቃተው ሰው ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ብክነት ከምትባል ቃል ነው። ሲሚንቶ ሲጫንና ሲወርድ ከረጢቱ ይቀደዳል፣ ዝናብ ያገኘዋል። ስለዚህ ሥራ ሲታቀድ ለብክነት ተብሎ ትንሽ ትርፍ ይያዛል። ደንብ ነው፣ ክፋት የለበትም። ክፋቱ የመጣው ሲሚንቶ ከገበያ ሲጠፋ ነው። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ዕድል ካልተገኘ አንድ ከረጢት አይታይም። የቤቱን ወለል ሊሾ ማስደረግ የፈለገ መምህር፣ የቤተልሔሙ ግድግዳ የተናደበት ደብር፣ ለበዓል መድረክ የሚሠራ ቀበሌ፣ ሁሉም ወደ እኛ ይመጣና «ብክነት የለም ወይ?» ይላል። ያውም በትሕትና፣ አንገቱን ደፍቶ። የሌባ ፊት ያለው አንድም አላየሁም።

ያን ዓመት ከዳባት ወዲያ ደጋው ላይ አንድ ጤና ጣቢያ ይሠራ ነበር። የዚያ አገር ሰው ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ ሲወርድ ነው የኖረው። ሥራውን የያዙት ተቋራጭ በልጅነታቸው ከጣሊያን ግንበኞች ዘንድ ሙያ የቀሰሙ የጎንደር ሽማግሌ ናቸው። አያ እላቸው ነበር። እሳቸው በእጃቸው የጠረጉት ሊሾ ላይ ውሃ ቢደፋ መልሶ ይቀዳል ይባልላቸዋል። እኔ ደግሞ አንድ አመል አለኝ፤ ወለል ሳይ የቤቴን ቁልፍ አውጥቼ ጫር አደርገዋለሁ። ሲሚንቶ የጠገበ ሊሾን ቁልፍ አይበግረውም፤ የተራበው ዱቄት ይተፋል። ግንበኞቹ ከሩቅ ሲያዩኝ «ባለቁልፉ መጣ፣ ምንጣፍ አንጥፉበት!» እያሉ ይሳለቁብኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ የማዋለጃ ክፍሉን ወለል ጫርሁት። ዱቄት ሆነ።

«ምነው አያ፣ ሲሚንቶው የት ገባ?»

«ብክነት ነው ልጄ» አሉኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ካድሬው ለመድረክ አለኝ፣ ሰጠሁ። ቀበሌው መጣ፣ ሰጠሁ። የደብሩ አለቃ መስቀል ይዘው መጡ፤ መስቀል ተሳልሜ እምቢ ልበል? እኔ ሲሚንቶ ሸጬ አላውቅም። እምቢ ማለት ነው ያልተማርሁት።»

«እንግዲያ ይፍረስና እንደገና ይሠራ። እንዲህ ሆኖ አልረከብም።»

«ሸጋ፣ ሲሚንቶ አምጣልኝና አፈርሰዋለሁ።»

አልተቆጡም። የተቆጣሁት እኔ ነኝ፤ ሲሚንቶ ከየት እንደማመጣ ግን አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን ደግሞ እናቴ ያዘችኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ሙት ዓመታቸው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይውላል። መቃብራቸው ገና አፈር ስለነበር ክረምቱ እየሸረሸረው ነው። ቀሐ ካለው ቤታችን በሄድሁ ቁጥር እናቴ ሌላ ወሬ የላትም።

«የሰው ባል ሊሾ ለብሶ የእኔው መሪጌታ ጭቃ ውስጥ ይተኛ? አንተ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠህ?»

«እማዬ፣ የመንግሥት ነው፤ የወላዶች ነው።»

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችብኝ።

አንድ ቃል ብተነፍስ ሲሚንቶው በማግሥቱ ደጃችን ይወርድ እንደነበር እሷም እኔም እናውቃለን። አልተነፈስሁም። ለአያ የነገርኋቸው የሙት ዓመቱን ቀን ብቻ ነው፤ ሥራ ላይ እንዳይጠብቁኝ ብዬ። እሳቸውም የዚያው ደብር ሰው ናቸው።

ቀኑ ደርሶ ከቅዳሴ በኋላ ወደ መቃብሩ ስንሄድ ጭቃው የለም። በቦታው ጠርዙ የተስተካከለ፣ አናቱ ላይ መስቀል የተቀረጸበት ሊሾ ተኝቷል። የማን እጅ እንደሆነ ሳልጠጋ አወቅሁት። እናቴ ተንበርክካ ሳመችውና በካህናቱ ፊት አንገቴን አቀፈችኝ።

«ልጄ አላሳፈረኝም! ለካ ያን ሁሉ እምቢ ያለኝ ሳልሰማ ሊሠራው ኖሯል!»

ካህናቱ መረቁኝ። በዚያች ሰዓት «እኔ አይደለሁም» ብሎ እናቱን በሰው ፊት የሚያሳፍር ልጅ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

ርክክቡ ጳጉሜን ላይ ሆነ፤ ጤና ጣቢያው ለአብዮት በዓል መመረቅ ነበረበት። የመሥሪያ ቤታችን ተወካይ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርና ካድሬው ባሉበት የማዋለጃውን ወለል በቁልፌ ጫር አደረግሁት። ዱቄቱን በጣቴ አንስቼ አሳየኋቸውና «ሴት ትወልድበታለች፤ ይህን አልረከብም» አልሁ።

ካድሬው ዱቄቱን አየ፣ እኔንም አየኝ።

«ጓድ ተቆጣጣሪ፣ የአባትህ መቃብር ሸጋ ሆኖ ተሠርቷል አሉ። ነፍስ ይማር» አለኝ።

እያስፈራራኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ከልቡ ነው ነፍስ ይማር ያለው። ሌሎቹም «ይማር» አሉ። ወደ አያ ዞርሁ፤ መሬት መሬቱን ያያሉ። ሊያጠምዱኝ አስበው እንዳልሆነ እስከ ዛሬ አምናለሁ። አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው። አላዘዝሁም ብል የሚያምነኝ የለም፤ የሚያምነኝ ቢገኝ ደግሞ ወሬው ቀሐ፣ እናቴ ጆሮ ይደርሳል። እኔ አልተረከብሁም፤ እነሱ ተረከቡ፣ ተጨበጨበ።

በዓመቱ ክረምት ሲገባ ስሄድ የማዋለጃው ወለል ተፈርፍሮ አልቋል። አቧራው ቢያስቸግራቸው የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው በእበት ለቅልቀውታል። አንዷ እጇን እየታጠበች «ይህማ ቤታችንም አለ። ምነው እዚህ ድረስ በቃሬዛ አለፋችሁን?» አለችኝ።

አያ ካለፉ ቆዩ። እናቴም እስከ መጨረሻዋ እየመረቀችኝ አረፈች፤ ከአባቴ ጎን ነው የተኛችው። ክረምት በወጣ ቁጥር ሄጄ ሣሩን እነቅላለሁ። አመል አይለቅምና ቁልፌን አውጥቼ የአባቴን ሊሾ ጫር አደርገዋለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ጭረት አልያዘም።